ወቄት ስንት ግራም ነው?

መቶ ወቄት ወርቅ መገበሩን የሚያወሳ የድሮ ሰነድ የሚያሳትም አርታኢ ከግርጌው «3.11 ኪሎ ግራም» ብሎ ቢያሰፍር የሚጠራጠረው አንባቢ ጥቂት ነው። የዓለም የወርቅ ዋጋ በአማርኛ ዜና ሲነገር የለንደኑን አውንስ «ወቄት» እያልን መተርጎም ስለለመድን፣ 31.1035 ግራም የወቄት ልክ መስሎናል። ለእኔ ግን ይህ የትርጉም ስንፍና ነው፤ ዳፋውም በሚዛን ይታያል።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአገራችን ገበያ ወቄት ማለት በተግባር የአንድ ጠገራ ብር ክብደት ነበር። 1780 እ.ኤ.አ. የሚል ዓመት የታተመበት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ 28.0668 ግራም ይመዝናል። አንጥረኛው በአንዱ የሚዛን ሳህን ጠገራውን፣ በሌላው ወርቁን ያስቀምጣል፤ ገንዘቡ ራሱ የሚዛን ድንጋይ ነው። ለዚህ ያበቃው ጠርዙ ይመስለኛል። ዙሪያውን ፍትሕንና ምሕረትን የሚጠራ የላቲን ጽሑፍ ጎላ ብሎ ስለተቀረጸበት፣ ጥቂት ብር ፍቆ ማስቀረት የሚሻ ሰው ፊደሉን ሳያበላሽ አይሆንለትም። ነጋዴውም በንግሥቲቱ ምስል ላይ ያሉትን ነጥቦች ሳይቆጥር አይቀበልም ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የሚል ዓመት ያለበትን ብር በፓሪስ ሲያስቀርጹ ክብደቱን 28.075 ግራም አደረጉት። ከጠገራው የሚለየው በ8 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ገበያው የለመደውን ሚዛን የሚያውክ ገንዘብ እንደማይሄድላቸው የተረዱ ይመስላል።

እንግዲህ መቶው ወቄት በጠገራው ልክ 2.81 ኪሎ ግራም ያህል ነው። አርታኢያችን ማንም ያልገበረውን 300 ግራም ወርቅ ጨምሯል ማለት ነው!

28ንም ቢሆን ለየዘመኑ መለጠፍ አያዋጣም። ቃሉ የመጣው የአንድ ሙሉ ነገር አሥራ ሁለተኛ እጅ ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ በግሪክና በዐረብኛ በኩል አልፎ እኛ ዘንድ ደርሷል። አውንስም ከዚያው ግንድ የበቀለ ዘመዱ ነው፤ ዝምድና ግን ክብደትን እኩል አያደርግም። ጠገራው ከመግባቱ በፊት የተጻፈውን ወቄት በጠገራው መመዘን ያው ስሕተት በሌላ መልኩ ነው። ነጥርም እንዲሁ፣ የሚይዘው ወቄት እንደ ገበያውና እንደ ዕቃው ይለያይ ነበር።

የጥራት ነገር ደግሞ አለ። ጠገራው ከሺህ 833 እጁ ብቻ ንጹሕ ብር ስለሆነ፣ ከአንድ ጠገራ የቀለጠ መስቀል የሚይዘው ንጹሕ ብር 23.4 ግራም ቢሆን ነው። የድሮውን ሀብት በዛሬ ዋጋ የሚያሰላ ሰው ይህን ከዘለለ ቁጥሩ ተረት ነው።

አርታኢዎች ሆይ፣ በሰነዱ ውስጥ ወቄቱን እንዳለ ተዉት፤ በግርጌው ዘመኑንና ገበያውን ጻፉ። የለንደኑን ደግሞ አውንስ በሉት።