ቃለ ጉባኤ ላይ የማይጻፍ ወጪ

ወረዳ ላይ ግዥ የሚሠራ ሰው ሁለት ዓመት አለው። አንዱ ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 የሚዘጋው የበጀት ዓመት ነው። ሌላው ሕዝቡ የሚኖርበት ዓመት ነው፤ ተማሪ መስከረም ላይ ይገባል፣ ወባ ክረምቱ እንደወጣ ይነሣል፣ የውኃ ፓምፕ ደግሞ ሲበላሽ ወር አይመርጥም። ምክር ቤቱ ሐምሌ ላይ በጀት ያጸድቃል፤ ከዚያ የግዥ ዕቅድ ይሰበሰባል፣ ማስታወቂያ በበኩር ጋዜጣ ይወጣል፣ ሰነድ ይሸጣል፣ ጨረታ ይከፈታል፣ ይገመገማል፣ የቅሬታ ጊዜ ይጠበቃል፣ ውል ይያዛል። የተገዛው ዴስክ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሲራገፍ ልጆቹ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጨርሰውታል።

በግዥ ሕጉ አምናለሁ። የፌዴራሉ የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001ም ሆነ እሱን የተካው 1333/2016፣ ክልሎችም በየራሳቸው ያወጧቸው አዋጆች፣ የሕዝብ ገንዘብ በአንድ ሰው ፈቃድ እንዳይወጣ የቆሙ አጥሮች ናቸው። የጤና ኬላ ግንባታ ወይም ድልድይ ያለ ግልጽ ጨረታ ይሰጥ የሚለኝ ቢመጣ ፊት ለፊት እቃወመዋለሁ። የሚያሳስበኝ ሥርዓቱ ራሱ ወጪ እንዳለው ማንም አለመቁጠሩ ነው፤ ያ ወጪ ደግሞ ግዥው ባነሰ ቁጥር ከዕቃው አንጻር እየገዘፈ ይሄዳል።

አንድ የተቃጠለ ኮንታክተር እንውሰድ። የጥልቅ ጉድጓድ ፓምፕን በሚያስነሣው የኤሌክትሪክ ሳጥን ውስጥ የምትቀመጥ፣ በአንድ እጅ የምትያዝ ዕቃ ናት። የውኃ ጽሕፈት ቤቱ መካኒክ ሳጥኑን ይከፍታል፤ መገናኛው ጠቁሮ ተጣብቋል። ምን እንደሚያስፈልግ በደቂቃዎች ውስጥ ያውቃል፣ የት ሱቅ እንዳለም ያውቃል። ዋጋው ግን ከጥቃቅን ወጪ ጣሪያ በላይ ስለሆነ ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ፣ ያስፈልጋል። በወረዳው ከተማ ዕቃውን የሚሸጠው አንድ ሱቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ደብዳቤ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማህተም ተደርጎበት አንድ ሠራተኛ ወደ ዞኑ ከተማ ይላካል፤ አበሉና ትራንስፖርቱ ተደምሮ የዕቃውን ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ፕሮፎርማው የታሸገበት ፖስታ መጥቶ የግዥ ኮሚቴው ፊት እስኪከፈት የኮሚቴው ሰብሳቢ ስብሰባ ላይ ነው፣ አንዱ አባል መስክ ወጥቷል። በነዚህ ቀናት ሁሉ የቀበሌው ሴቶች ጄሪካን ተሸክመው ከብት ከሚጠጣበት ምንጭ ይቀዳሉ።

ሦስቱ ፕሮፎርማ የሚያመጡት ውድድር ምን ያህል እውነተኛ እንደሆነም በግልጽ መነገር አለበት። በትናንሽ ከተሞች ባለሱቁ ራሱ የሁለት ጓደኞቹን ፕሮፎርማ አስሞልቶ ሦስቱንም ፖስታ ማምጣቱ የታወቀ ነው። ፋይሉ ሙሉ ነው፣ ውድድር ግን አልተካሄደም። ሕጉ ባይኖር ዋጋው ከዚህ በታች ይሆን እንደነበር በብዙ ሱቆች አይቻለሁ፤ ያው ዕቃ ለግለሰብ ሲሸጥና ለመንግሥት ሲሸጥ ዋጋው አንድ አይደለም። ነጋዴውን ብቻ አልኮንንም። ጨረታ ሲሆን ለጨረታ ማስከበሪያ በባንክ ሲፒኦ አሠርቶ ገንዘቡን ያስራል፣ ካሸነፈ 10 በመቶ የውል ማስከበሪያ ያስይዛል፣ ዕቃውን አስረክቦ ሞዴል 19 የተባለው የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ ከተቆረጠለት በኋላም ክፍያውን እየተመላለሰ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ በዋጋው ውስጥ ይጨምረዋል፤ ሌላ የሚጨምርበት ቦታ የለውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ወደ 100 ብር ሲሻገር ደግሞ ዋጋ ሰጥተው የነበሩ አቅራቢዎች ውል ለመፈረም ፈሩ፤ ከዚያ ወዲህ የጨረታ ሂደት ረዘመ ማለት ተጫራቹ የሥጋቱን ዋጋ ከፍ አድርጎ ይሞላል ማለት ሆኗል።

የሙያው ልብ ያለው ስፔሲፊኬሽን፣ ማለትም የዕቃው ዝርዝር መግለጫ፣ ላይ ነው፤ ብዙዎቻችን ግን የምንሠለጥነው በግዥው ሂደት ቅደም ተከተል ነው። ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ «ጥራት ያለው፣ ለሦስት ተማሪ የሚሆን ኮምባይንድ ዴስክ» ብሎ ጥያቄ ይልካል። ይህ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ሰነዱ ውስጥ ከገባ ዝቅተኛ ዋጋ የሚሰጠው ሰው በጣም ስስ በሆነው የብረት ቱቦ ይሠራል፣ ያሸንፋልም፤ ሕግም አልጣሰም። ዴስኩ ሲደርስ ቀለም ተቀብቶ ያበራል። ዓመት ሳይሞላው እግሩ ከብየዳው ላይ ይላቀቃል። የቱቦው ውፍረት 1.5 ሚሊ ሜትር፣ ብየዳው ዙሪያውን የተሞላ፣ የመቀመጫው ጣውላ የደረቀ ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ፣ ተረካቢ ኮሚቴውም ካሊፐር ይዞ አንዱን እግር ቢለካ ኖሮ የተለየ ዴስክ ይመጣ ነበር። እኔ ሰነድ ከማዘጋጀቴ በፊት ብየዳ ቤት ገብቼ መጠየቅ ልማድ አድርጌዋለሁ። አንድ ጥሩ በያጅ በግማሽ ሰዓት የሚነግረኝን የትኛውም መመሪያ አይነግረኝም። ይህ ጉብኝት ግን በፋይሉ ውስጥ ቦታ የለውም፤ እንዲያውም ያ በያጅ በኋላ ተጫርቶ ካሸነፈ ጉብኝቱ ራሱ ጥያቄ ሊያስነሣብኝ ይችላል። ብዙ ባልደረቦቼ ከቢሮ የማይወጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ አልፈርድባቸውም።

ፍርሃቱ ከኦዲት ይመጣል። ኦዲተሩ የሚያገላብጠው ፕሮፎርማውን፣ ቃለ ጉባኤውን፣ ውሉንና ሞዴል 19ን ነው። አንድ ወረቀት ከጎደለ ግኝት ይሆናል፣ ስሜም ይጻፋል። ፓምፑ ለስንት ቀን እንደቆመ፣ ዴስኩ ስንት ወር እንደቆየ ግን አይጠየቅም፤ የባከነ ቀን የሚመዘገብበት ሞዴል የለም። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ የሚባለው ወረቀቱን የጠበቀው እንጂ ውኃውን ያስቀጠለው አይደለም። ሰኔ ሲደርስ ደግሞ ያልተጠቀምንበት ገንዘብ እንዳይመለስ ሁሉም ጽሕፈት ቤት በአንድ ሳምንት ጥያቄ ያዘንባል፤ በዚያ ጥድፊያ የሚሟላው ወረቀቱ ነው፤ ስፔሲፊኬሽኑን አንብቦ የሚያስተካክል ሰው አይኖርም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የጥቃቅን ወጪና የፕሮፎርማ ጣሪያ በብር ተወስኖ ተቀምጦ የዋጋ ንረቱ ጥሎት ይሄዳል፤ በ2014 ብቻ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ጣሪያው በየዓመቱ ይከለስ። በፌዴራል ደረጃ የጽሕፈት መሣሪያን የመሰሉ ዕቃዎች በማዕቀፍ ስምምነት ይገዛሉ፤ ዋጋውና አቅራቢው ቀድሞ ስለሚታወቅ መሥሪያ ቤቱ በሚያስፈልገው ጊዜ ያዛል። ለፓምፕ መለዋወጫ፣ ለጀነሬተር፣ ለጤና ጣቢያ ፍሪጅ ጥገና ዞኑ በዓመቱ መጀመሪያ አንድ ጊዜ በሥርዓቱ አጫርቶ እንዲህ ያለ ስምምነት ቢይዝ ወረዳው ኮንታክተሯን በስልክ ያዝዛታል፤ ጨረታው አልቀረም፣ ሕዝቡ ግን አይጠብቀውም። ኦዲተሩም ፋይሉን ሲዘጋ ሁለት ቀኖችን ጎን ለጎን ይጻፍልን፦ ጥያቄው የቀረበበትንና ዕቃው ሥራ የጀመረበትን።