የጎሬ ቁልቁለት በውሃ ቀለም

በውሃ ቀለም ሥዕል ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። ጉሙም፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ያረፈው ብርሃንም ብሩሽ ሳይነካቸው የሚቀሩ ቦታዎች ናቸው፤ ሠዓሊው እነዚህን ለይቶ ሳይጨርስ ቀለም አይበጠብጥም።

ጎሬ በኢሉባቦር ደጋ ጠርዝ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ መሬቱ እየተሸነሸነ ወደ ምዕራብ ይወርድና ጋምቤላ ሲደርስ 500 ሜትር አካባቢ ይሆናል። የከተማዋ ታሪክ ከዚህ ቁልቁለት አይለይም። ቡናዋ በዚህ ወርዶ በባሮ ወንዝ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ ራስ እምሩና ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ መንግሥቱን እዚህ ይዘው ቆዩ፤ ጣሊያን የገባው በኅዳር 1929 ዓ.ም. ነው። ጎሬ እንደ ጎንደር ግንብ የላትም፤ ታሪኳን የሚያሳየው መሬቱ ነው።

በሥዕሉ ላይ የቁልቁለቱ ጥልቀት የሚወጣው በአየሩ ነው። ሩቁ ሸንተረር ውሃ በበዛበት ስስ ሰማያዊ ይቀባል፤ እሱ ሲደርቅ ተከታዩ ጠቆር ብሎ ይደረባል። ፈተናው መድረቁ ላይ ነው። የመቅደላን ዘመቻ ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1868 የመጣው ሠዓሊ ዊልያም ሲምፕሰን የሳላቸው አምባዎች በደረቀ ወረቀት ላይ የሚወጣ ጥርት ያለ ጠርዝ አላቸው፤ የጎሬ ክረምት ግን ወረቀቱን ቶሎ አይለቀውም። የእጅ ጀርባ ወደ ወረቀቱ ሲጠጋ ቅዝቃዜ ከተሰማ ገና እርጥብ ነው። ያኔ ውሃ የበዛበት ብሩሽ ቢያርፍ የታችኛውን ቀለም ገፍቶ ዳርቻው የተቦጫጨቀ እድፍ ይተዋል። ሌላ ቦታ ሥዕል የሚያበላሸው ይህ እድፍ እዚህ ከሸለቆ የሚነሳ ጉም ሊሆን ይችላል፤ ቦታውን መምረጥ ግን ብዙ ወረቀት ያስፈጃል።

ጫካው ከቱቦ በወጣ አረንጓዴ ብቻ ከተቀባ ፕላስቲክ ይመስላል። ሰማያዊና ቢጫ ተቀላቅለው ጥቂት የአፈር ቀይ ሲነካቸው የዋንዛው ጥላና ከሥሩ ያለው ቡና ይለያሉ። ቀዩ መንገድ ከጫካው አስቀድሞ ይቀባል፤ በአረንጓዴ ላይ ከተደረበ ጭቃ ይሆናል።

ጎሬ ላይ የሚሠራ ሰው ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ይወጥር፤ አንዱ እስኪደርቅ በሌላው ይሥራ።