«ዱላ» እና «አዋላጅ»፤ በአንድ የሕክምና ቃላት መፍቻ ላይ የቀረበ ሂስ

በባሕር ማዶ ላሉ አስተርጓሚዎች የተዘጋጀ አንድ የሕክምና ቃላት መፍቻ ደርሶን ተመልክተነዋል። በብዙ ገጹ የሚመሰገን ሥራ ነው። ስለ ወሊድ በሚናገረው ክፍል ግን አንዱ ቃል በአንድ ስፍራ «ዱላ»፥ በሌላው «አዋላጅ» ተብሎ ተፈትቶ አገኘነው። ሁለቱም አይሆኑም።

የፊተኛው ስሕተት ለጆሮ ግልጽ ነው፤ ምጥ የያዛትን ሴት «ዱላ ይፈልጋሉ?» ብሎ የሚጠይቅ አስተርጓሚ ምን እንደሚመለስለት መገመት አያዳግትም። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ፍቺው ሴት ባሪያ፥ ገረድ ማለት ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ማርያም ራስዋን የጠራችበት ቃል ይኸው ነው፤ የግእዙ ተርጓሚም «አመት» ብሎታል (በአልፉ «አ» መሆኑን ልብ ይሏል፤ በዐይኑ የሚጻፈው ዓመት ሌላ ነው)። ዳና ራፋኤል የተባሉት አሜሪካዊት የሥነ ሰብእ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ ቃሉን አራስን ለምትረዳ ሴት ሰጡት፤ ኋላም ወደ ምጡ ተሻገረ። እንግዲህ ሥሩን ተከትሎ «ገረድ» ማለትም አይቻልም።

የኋለኛው ስሕተት ግን አደጋ አለበት። አዋላጅ ሕፃኑን ትቀበላለች፥ እትብት ትቆርጣለች፥ ደም ሲበዛ ተጠያቂዋ እርስዋ ናት። ይህችኛዋ ከዚህ አንዱንም አታደርግም፤ ወገብ ታሻለች፥ ውሃ ታቀብላለች፥ ታበረታታለች፥ እናቲቱ እስክትገላገል ከአጠገብዋ አትለይም። ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ከ15,000 በላይ ሴቶችን የያዙ ጥናቶችን መርምሮ፥ ያልተቋረጠ ድጋፍ ያገኙት በቀዶ ሕክምና መውለዳቸው እንደሚያንስ አመልክቷል። ሆኖም በዋሽንግተን ዲሲ ሜዲኬይድ ከ2022 ጀምሮ ለዚህ አገልግሎት ስለሚከፍል፥ አማርኛ ተናጋሪዋ እናት ቃሉን በወረቀት ላይ ማግኘትዋ አይቀርም። «አዋላጅ አለችኝ» ብላ ከቤት ብትቀር ጥፋቱ የማን ይሆናል?

ለሥራው ባላገሩ ቃል አላጣም፤ እናት ልጅዋን «ልታርስ» ትሄዳለች። «አራሽ» ብንል ግን ሰሚው ወደ በሬና ሞፈር፥ ምናልባትም ወደ «መሬት ለአራሹ» ይሄድብናል፤ ደግሞም ማረስ ከወሊድ በኋላ ነው። «ደጋፊ» የኳስ ሜዳ ሽታ አለበት። እኛ ለምጡ «የምጥ አጋዥ»፥ ከዚያ በኋላ ላለው «የአራስ አጋዥ» የሚሉትን እንመርጣለን። ረዘሙ የሚል ቢኖር እውነት አለው፤ ያም ሆኖ አያሳስቱም። በሚቀጥለው እትም «አዋላጅ» በሚለው ሥር «ከምጥ አጋዥ ጋር አይምታታ» የሚል ማስታወሻ እንዲገባ አዘጋጆቹን እናሳስባለን።