ያልተጠቀሰው ረግረግ

በጦር ሜዳ የተወለደ ግጥም ሁለት ዳኞች አሉት፤ ሥነ ግጥምና ታሪክ። የማኦ ሴቱንግ «ረጅሙ ጉዞ» በመጀመሪያው ዳኛ ፊት በድል ይወጣል። በሁለተኛው ፊት ግን የሚጠየቀው ነገር አለ።

ግጥሙ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1935 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በኦክቶበር 1934፣ የቺያንግ ካይሼክን ከበባ ሰብሮ ከጂያንግሺ የወጣው ቀይ ጦር 86 ሺህ ያህል ነበር። ከማኦ ጋር ሰሜን ሻአንሺ የገባው ግን ስምንት ሺህ ገደማ ብቻ ነው። ብዙው በውጊያ፣ በረሃብ፣ በብርድና በበሽታ አለቀ፤ ከመንገድ የጠፋም፣ ወደ ኋላ የቀረም ነበር።

አሮጌውን ሥርዓት ሊንድ የተነሣው ሰው ለግጥሙ የመረጠው ቅርጽ ግን አሮጌውን ነው፤ በታንግ ዘመን የጸናውን «ሉሺ»። ስምንት ስንኝ፣ በየስንኙ ሰባት ፊደል፣ በድምሩ 56። መካከለኞቹ አራት ስንኞች ጥንድ ጥንድ ሆነው ቃል በቃል መመጣጠን አለባቸው። ማኦ ይህን ሕግ ሥራ አስይዞታል። ተራራ ከተራራ፣ ወንዝ ከወንዝ ጋር ሲሰለፍ፣ አንባቢው ሰልፉ ያልፈረሰ ሠራዊት ያያል። የጂንሻ ወንዝ ሙቀት ከዳዱ ወንዝ ድልድይ የሰንሰለት ቅዝቃዜ ጋር ይገጥማል። በሜይ 1935 በሉዲንግ ድልድይ ላይ የተደረገው ውጊያ በዚያች «ቅዝቃዜ» በምትለው ቃል ውስጥ ተሸጉጧል። በግጥሙ ሁሉ ሕመም ብቅ የሚልባት ቦታ እርሷ ብቻ ናት።

ከድልድዩ በኋላ ግጥሙ በቀጥታ ወደ ሚን ተራራ በረዶና ወደ ሠራዊቱ ፈገግታ ይዘልላል። በጉዞው ካርታ ላይ ግን በሁለቱ መካከል የሶንግፓን ረግረግ አለ። በኦገስት 1935 ብዙዎች በጭቃ የሰመጡት፣ በረሃብ የወደቁት እዚያ ነው። ከስንኞቹ በአንዱም ውስጥ ረግረጉ የለም።

ቦታ ስላነሰ ነው እንዳንል፣ ማኦ በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ የጻፈው «የሎውሻን በር» የተሰኘ ግጥም አለ። ድባቡ ከባድ፣ ሐዘኑም ግልጽ ነው። ስለዚህ ገጣሚው ሐዘንን መጻፍ ያውቅበታል፤ በ«ረጅሙ ጉዞ» ዝም ያለው መርጦ ነው። ከሞት የተረፈን ሰው ለማጽናት የተጻፈ ግጥም ይህን ቢመርጥ አያስገርምም፤ ፉከራ ሙሾን ከጎኑ አያስቀምጥም።

ችግሩ የሚመጣው ፉከራው እንደ ታሪክ ሲነበብ ነው። የቅርጹን ጥንካሬ ማድነቅ ተገቢ ነው። የረግረጉን ሙታን ግን ከስንኞቹ ውጪ ሄደን ልንፈልጋቸው ይገባል።