ሰንበት እንደ ገጸ ባሕርይ፦ በ«ትእዛዘ ሰንበት» ላይ የቀረበ አጭር ሂስ

ባለፈው ዓመት በሐዋሳ መሃል ከተማ በአንዲት ሻይ ቤት ከተማሪዎቼ ጋር ስለ ሰውኛ ዘይቤ ስንወያይ፣ አንዲት ተማሪ «መምህር፣ ሰንበት እኮ ቀን ናት፤ ቀን እንዴት ታማልዳለች?» ስትል ጠየቀችኝ። የውይይታችን መነሻ የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ጠብቆ ያቆየው «ትእዛዘ ሰንበት» የተባለው የግእዝ ድርሳን ነበር። እኔም «ይህማ ሰውኛ ነው» ብዬ አለፍኩ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን መልሴ እኔኑ አላረካኝም። «ሰውኛ ነው» ማለት ለጥያቄው ስም ማውጣት እንጂ መልስ መስጠት አይደለም። ይህ ጽሑፍ ለዚያች ተማሪ የሚገባትን መልስ ለመፈለግ የተደረገ ሙከራ ነው።

በቅድሚያ ስለ ድርሳኑ ጥቂት ልበል። እ.ኤ.አ. በ1867 እና በ1868 በሰሜን ኢትዮጵያ የተዘዋወረው ጆሴፍ ሃሌቪ ግእዙን ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር በ1902 አሳተመው። ቮልፍ ሌስላው ደግሞ በ1951 ባወጣው የቤተ እስራኤል ድርሳናት ስብስብ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ባለቤቶቹ የሚመሩት በኦሪት ነው። ኦሪታቸው በግእዝ የተጻፈ፣ እንደ ጥቅል ሳይሆን እንደ ብራና መጽሐፍ የተደጎሰ ነው። ታልሙድ ለዘመናት አልደረሳቸውም። በዓላቶቻቸውም ብርሃን ሠረቀ፣ አስተስርዮ፣ በዓለ መጸለት፣ ፋሲካ፣ ማእረር እየተባሉ በእኛው ቋንቋዎች ይጠራሉ። ከሁሉ በላይ ግን ሰንበት አለች፤ ሰባተኛዋ ሰንበት ደግሞ «የሰንበት ሰንበት» ተብላ ከሌሎቹ ከፍ ብላ ትከበራለች።

አሁን ወደ ገጸ ባሕርይዋ እንመለስ። በኦሪት ዘፍጥረት ፈጣሪ በሰባተኛው ቀን ዐረፈ፣ ቀኑንም ባረከው፤ ቀኑ ግን ቀን ሆኖ ቀረ። በመጽሐፈ ኩፋሌም ሰንበት በዋናነት ሕግ ናት፤ የመጨረሻው ምዕራፍ በሰንበት እሳት ማንደድን፣ መንገድ መሄድን፣ ማረስንና መዋጋትን ይከለክላል። «ትእዛዘ ሰንበት» ይህን ሕግ ይወርሳል፤ እዚያ ላይ ግን አይቆምም። እዚህ ሰንበት በመላእክት ታጅባ የምትከበር እመቤት ናት። በፈጣሪ ፊት ቆማ ላከበሯት ትለምናለች፤ በሥቃይ ላሉ ነፍሳትም ዕረፍት ትጠይቃለች። በመሆኑም ድርጊቱን የምታንቀሳቅሰው እርሷ ናት። ሰዎች ሰንበትን ይጠብቃሉ፤ ሰንበትም በተራዋ ሰዎችን ትጠብቃለች። «ጠበቀ» የሚለው ግስ በአማርኛችን ማክበርንም መከላከልንም አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ የድርሳኑን ጭብጥ በአንድ ቃል ለመግለጽ ያመቻል።

ይህ ሰውኛ ከየት መጣ? አንዳንዱ አንባቢ ሰንበትን በንግሥትና በሙሽራ የሚመስለውን የረቢዎች ትውፊት ያስታውስ ይሆናል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰሎሞን አልካቤጽ በጻፈው «ለካ ዶዲ» በተባለው መዝሙር ሰንበት እንደ ሙሽራ ትቀበላለች። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ሙሽራዪቱ ሰዎች ወጥተው የሚቀበሏት እንግዳ ናት፤ የእኛይቱ ሰንበት ግን ስለ ሰዎች የምትሟገት ጠበቃ ናት። በእኔ አመለካከት የቅርብ ዘመዷ ያለችው እዚሁ አገራችን ነው። በክርስቲያኑ የግእዝ ሥነ ጽሑፍ በፈጣሪ ፊት ቆማ የምታማልደው፣ ቃል ኪዳን የተቀበለችው ማርያም ናት። የቤተ እስራኤል ደራሲ ማርያምን አልተቀበለም፤ የአማላጇን መንበር ግን ባዶ አልተወውም። ሰንበትን አስቀመጠባት። ሁለቱም ወገኖች በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ የልመና ሥርዐት ውስጥ ኖረዋልና ይህ ሊያስገርመን አይገባም። የቅዳሜን ሰንበትነት ከእሑድ ጋር ያጸናው የደብረ ምጥማቅ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1450 የተካሄደው በዚሁ አገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። ስቲቨን ካፕላንን የመሳሰሉ አጥኚዎች ከቤተ እስራኤል ድርሳናት ብዙዎቹ ከክርስቲያን የግእዝ ጽሑፎች ጋር የተዛመዱ መሆናቸውን አሳይተዋል። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው የተወሰደ እንጂ የተፈጠረ አይደለም» የሚል ሊኖር ይችላል። ይህ ፍርድ ለእኔ አይዋጥልኝም። የግእዝ ሥነ ጽሑፋችን ራሱ ከግሪክና ከዐረብ እየወሰደ፣ እየጨመረና እየቀነሰ ያደገ ነው። ሀያሲው ሊጠይቅ የሚገባው ማን ከማን ወሰደ የሚለውን ብቻ አይደለም፤ የወሰደው ሰው ምን ቆርጦ ጣለ፣ በቦታውስ ምን ተከለ የሚለውንም ነው። በ«ትእዛዘ ሰንበት» የተተከለው ደግሞ ገጸ ባሕርይ ነው።

ይህን ስል ድርሳኑ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ከሥነ ፍጥረት ተነሥቶ ወደ ሕግ ዝርዝር፣ ከዚያም ወደ አበው ታሪክ ያለ ድልድይ ይሻገራል። አንዱን ነገር ደጋግሞ ያነሣል። ለብቻው በዝምታ የሚያነብ ሰው ይሰለቻል። ይሁን እንጂ ድርሳኑ ለዝምታ ንባብ የተዘጋጀ አይመስለኝም። በቤተ እስራኤል ሥርዐት ቄሱ ግእዙን ያነባል፤ ከዚያም ለጉባኤው በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጉማል። በጽሑፉ ላይ ክፍተት ሆኖ የሚታየን ቦታ የቄሱ ቃል የሚገባበት ቦታ ሊሆን ይችላል። የአንድምታ ትርጓሜን የሚያውቅ የእኛ ተማሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

አሳሳቢው ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነው። ግእዙ ታትሟል፤ አይጠፋም። አማርኛው ግን ያለው በቄሶቹ አፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985፣ ቀጥሎም በ1991 በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎች ማኅበረሰቡ በብዛት ወደ እስራኤል ሄዷል። እዚያ ያደገው ወጣት ኦሪትን የሚሰማው በዕብራይስጥ፣ ዓመቱን በሃምሳ አራት ሳምንታዊ ምንባቦች በከፈለው የረቢዎች ሥርዐት ነው። በአንድ ወቅት በጎንደር ተራሮች ላይ ይከበር የነበረው ስግድ በ2008 በእስራኤል ሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኗል፤ በኢየሩሳሌምም ቄሶች ዛሬም በግእዝ ያነባሉ። ከአንባቢው ጎን ቆሞ በአማርኛ የሚያፍታታው ድምፅ ግን ሰሚው እየቀነሰ ነው። በዓሉ ተከብሮ ትርጓሜው ቢቀር፣ የቀረው ከአማርኛ ሥነ ቃል ላይ የተቆረጠ ነው።

ትምህርት ክፍሎቻችን የግእዝን ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሲያስተምሩ ቤተ እስራኤልን በግርጌ ማስታወሻ ማለፍ ለምደዋል፤ እኔም ለዓመታት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ድርሳኑ በሥርዐተ ትምህርቱ ውስጥ ይግባ፤ የአማርኛው ትርጓሜም ሽማግሌዎቹ ሳሉ በድምፅ ይቀረጽ እላለሁ። ለተማሪዬም አሁን የምሰጣት መልስ ይህ ነው፦ ቀን የምታማልደው፣ ለዘመናት ሳይሰለች የጠበቃት ሕዝብ በተራው የሚጠብቀው ሲሻ ነው።