እሳት የማይበላው ታርጋ፦ በቦሌ አውሮፕላኖች ስምና ምልክት ላይ የተደረገ ሂሳዊ ዳሰሳ

ከቦሌ በሚነሳ አውሮፕላን ሁሉ ውስጥ፣ በዋናው መግቢያ በር አጠገብ፣ ተሳፋሪ ልብ የማይለው ትንሽ ሰሌዳ አለ። የተቀረጸበት የአገሩ መለያና የምዝገባ ምልክቱ ነው። እሳትን ከሚቋቋም ብረት ወይም መሰል ነገር እንዲሠራ የሚያዘው ስለ ዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን የተደረገው የቺካጎ ስምምነት ሰባተኛ አባሪ ነው። ያው አባሪ በክንፍ ሥር ቢያንስ 50፣ በአካሉ ጎን ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው ፊደላት እንዲጻፉም ይጠይቃል። የቀለሙ ጽሑፍ ለሰላሙ ጊዜ ነው፤ ሰሌዳው የታሰበው ቀለሙ ለሚነድበት ቀን ነው። ባለቤቱ ካለፈ በኋላ እንዲነበብ ታስቦ የሚሠራ ታርጋ ከዚህ ሌላ አላውቅም።

የድሮ ታርጋ መሰብሰብ በሌላው ዓለም የቆየ ፍቅር ነው። በአሜሪካ የመኪናው ብቻ ሳይሆን የጀልባው ታርጋም ሰብሳቢ አለው። የጀልባ ምዝገባን በአገሪቱ ሁሉ ወጥ ያደረገው የ1958ቱ የፌዴራል ሕግ ቁጥሩ በጀልባው ጎን ላይ እንዲጻፍ አደረገ፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች የሰጧቸው የብረት ሰሌዳዎች ዛሬ በፍለጋ የሚገኙ ሆነዋል። ሰብሳቢው ገንዘቡን የሚያወጣው ለብረቱ አይደለም። ዓመቱ፣ ሐይቁ፣ ጀልባውን የቀዘፈው አባት ናቸው የሚሸጡለት። ብረቱ የእነዚህ ምስክር ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። የጣና ታንኳ ታርጋ የለውም፤ ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ይጣልና ሌላ ይታሰራል። የንግድ መርከቦቻችን ግን ባሕር በሌላት አገር ተመዝግበው፣ በኋላቸው ላይ የመዝገብ ወደባቸውን «አዲስ አበባ» ብለው ጽፈው ውቅያኖስ ያቋርጣሉ። ባሕር አልባ አገር የራሷን ሰንደቅ በመርከብ ላይ እንድትሰቅል የፈቀደው የ1921ዱ የባርሴሎና መግለጫ ነው። ሕጋዊ ልቦለድ ቢመስልም እውነት ነው። ያም ሆኖ የዚህች ከተማ ትክክለኛ ወደብ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። የታርጋ ታሪክ የሚፈልግ ሰው መቆም ያለበት እዚያ፣ ቦሌ ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ይህ ነው፦ የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች ሁለት ዓይነት መጠሪያ አላቸው፤ አንደኛው ስም፣ ሌላኛው ምልክት። ስሙን የሚሰጠው ሥልጣን ሲሆን፣ የሚናገረውም አገር ራሷን እንዴት ማየት እንደምትሻ ነው። በአውሮፕላኑ ላይ የደረሰውን የሚያስታውሰው ግን ምልክቱ ነው። እኛ ስሙን አክብረን ምልክቱን ለባዕዳን ትተናል።

ስሙ ረጅም ታሪክ አለው። በነሐሴ 1929 (እዚህ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አዲስ አበባ የደረሰው የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25፣ «ንስረ ተፈሪ» ተባለ። በ1935 በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር መሪነት እዚሁ አገር የተሠራችው ትንሽ አውሮፕላን በልዕልት ፀሐይ ስም ተሰየመች። «ፀሐይ» በወረራው ጊዜ በጣሊያን እጅ ወድቃ ለአሥርተ ዓመታት በዚያች አገር አየር ኃይል ሙዚየም ቆመች፤ የተመለሰችው በጥር 2024 ነው። ስብስብ ሁሉ ንጹሕ እንዳልሆነ ከእሷ የተሻለ የሚያስረዳ የለም። አንዱ የማስታወሻ ዕቃ ብሎ ያኖረውን ሌላው ምርኮ ይለዋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከተወለደ በኋላ ልማዱ ቀጠለ። ድርጅቱ የተቋቋመው በ1945 መጨረሻ በኋላ ትራንስ ወርልድ ኤርላይንስ ከተባለው የአሜሪካ ድርጅት ጋር በተደረገ ውል ሲሆን፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1946 ከአምስቱ ሲ-47 አውሮፕላኖቹ አንዱ በአሥመራ በኩል ካይሮ በረረ። ያኔ ማረፊያው ልደታ ነበር፤ ምልክቶቹም «ኢቲ-ቲ» ብለው ቁጥር የሚያስከትሉ ነበሩ። የልደታ ሜዳ ለጄት አልሆነም። ቦሌ ተሠራ፤ በ1962 መጨረሻ ቦይንግ 720ቢ መጣ፤ ምልክቱም ከቁጥር ወደ ሦስት ፊደላት ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ «ኢቲ» የሚለው መለያ መንግሥታት ሲለዋወጡ አልተነካም። ሰንደቁ በየጊዜው መልኩን ሲቀይር እነዚህ ሁለት የላቲን ፊደላት ግን ባሉበት ቆዩ፤ ይህም በራሱ ጥናት የሚሻ ነገር ይመስለኛል። አማርኛው «የኢትዮጵያ» በአውሮፕላኑ አካል ላይ በጉልህ ተጽፎ ያምራል፤ ዓለም አቀፉ ሕግ የሚያነበው ግን ሌላኛውን ነው። የቺካጎ ስምምነት በ17ኛውና በ18ኛው አንቀጹ እንደሚለው አውሮፕላን ዜግነት አለው፣ በሁለት አገርም በአንድ ጊዜ ሊመዘገብ አይችልም። ጥምር ዜግነት የተነፈገው ሰው ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ስምና ምልክት የሚለያዩበትን ቦታ ለማየት «ንግሥተ ሳባ» የተባለውን ድሪምላይነር እንውሰድ። ስሙ ታላቅ ነው፤ በምረቃ ቀን ለንግግር ይመቻል። ሐምሌ 12 ቀን 2013 ለንደን ሂትሮው ላይ ሰው አልባ ሆኖ በቆመበት ጣሪያው ተቃጠለ። የእንግሊዝ መርማሪዎች ምክንያቱን ፈልገው ከአደጋ ጊዜ ጠቋሚ መሣሪያው የሊቲየም ባትሪ ዘንድ ደረሱ። በሪፖርቱ ውስጥ የሚታየው መጠሪያ «ኢቲ-ኤኦፒ» ነው። አውሮፕላኑ ተጠግኖ ወደ በረራ ተመለሰ። ንግሥቲቱ አልተቃጠለችም፤ የተቃጠለው «ኢቲ-ኤኦፒ» ነው። ስሙ ከጉዳቱ ነጻ የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው። «ሰሜን ተራሮች» ወይም «ኤርታሌ» የሚል ስም የያዘ ኤርባስ 350 ነገ ቢሸጥ ስሙ ወደ ሌላ አካል ሊሻገር ይችላል፤ ያየውን ሁሉ ይዞ የሚቀረው ምልክቱ ነው።

ኅዳር 23 ቀን 1996 ወደ ናይሮቢ የተነሳው ቦይንግ 767 «ኢቲ-ኤአይዜድ» ነበር። ጠላፊዎቹ ወደ አውስትራሊያ እንዲያመራ አዘዙ፤ ነዳጁ አለቀ፤ ካፒቴን ልዑል አባተ ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ አሳረፉት። ከ175ቱ ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 125ቱ ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ የ1984ቱን ረሃብ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊ የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ነው። የወሎን ሰቆቃ የቀረጸው ሰው ሕይወቱ ያለፈው ኢትዮጵያዊ ምልክት በያዘ አካል ውስጥ መሆኑ በሦስት ፊደላት ሥር ተጠቃሎ ይገኛል፤ ፊደላቱን የሚያነብ ካለ።

መጋቢት 10 ቀን 2019 ከቦሌ ተነስቶ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው 737 ማክስ ደግሞ «ኢቲ-ኤቪጄ» ይባላል። ድርጅቱ ከተረከበው አራት ወር አልሞላውም ነበር፤ 157 ሰዎች አለቁ። በሬዲዮ ቋንቋ «አልፋ ቪክተር ጁልየት» ሲባል ቴክኒሻኑም አብራሪውም አንድ አካልን ያስባሉ። ቤተሰብ ግን የሚያስበው ቀኑን፣ ሻንጣውን፣ በሩ ላይ የነበረውን ስንብት ነው። ሸኚው የአውሮፕላኑን ጎን አያነብም። ፊደላቱን ሁሉም ሰው የሚማራቸው በዜና ሲነገሩ፣ ሲረፍድ ነው። ስለዚህ ምልክቱን አስቀድሞ የሚጽፍ ሰው ከመዝገብ ቤት ጋር የሚወዳደር ሥራ ይሠራል እላለሁ፤ የሞኝ መዝናኛ ነው ከሚሉት ጋር አልስማማም።

ይህን ሥራ እስካሁን በብዛት የሠሩት የውጭ ሰዎች ናቸው። በፍራንክፈርትና በለንደን አጥር ላይ ቆመው ማስታወሻ የሚሞሉ፣ ፎቶ የሚያነሡ አፍቃሪዎች አሉ፤ ኤር ብሪቴን የተባለው የእንግሊዞች ማኅበርም የአገራትን የአውሮፕላን መዝገብ እያጠናቀረ ያሳትማል። በቦሌ ዙሪያ ካሜራ ማውጣት ግን ከጥበቃ ጋር ያጨቃጭቃል፤ እናም የእኛው አውሮፕላኖች የታሪክ ሥዕል የተነሣው በአብዛኛው ባረፉበት የሰው አገር ነው። ስጋቱ ይገባኛል። ግን ጸጥታን ማስጠበቅ ማለት ማስታወስን ለባዕድ መስጠት መሆን አልነበረበትም።

ብረቱን መሰብሰብ የሚለው ሐሳብ ላይ ቆጠብ እላለሁ። በጀርመን ከተሰናበቱ አውሮፕላኖች ቆዳ ቁልፍ መያዣ እየቆረጠ ምልክቱን አትሞ የሚሸጥ ድርጅት አለ። በዕድሜ ለተሰናበተ አውሮፕላን ምንም ነውር የለውም። የቢሾፍቱን ስብርባሪ ግን ማንም ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው አይገባም፤ ያ የምርመራ ማስረጃና የመቃብር አፈር ነው። ሰብሳቢው እዚህ ፊደላቱን ብቻ መያዝ አለበት።

የሚያስፈልገው በአማርኛ የተጻፈ መዝገብ ነው፤ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንና አየር መንገዱ ያላቸው ሰነድ መነሻ ሆኖ። በእያንዳንዱ ምልክት ፊት የመጣበት ቀን፣ ስሙ፣ የበረረባቸው መስመሮች፣ የተሸጠበት ወይም የጠፋበት ሁኔታ ይግባ። አጠገቡም የሃንጋር ሠራተኞች፣ የሆስተሶችና የጡረተኛ አብራሪዎች ቃል ይጻፍ። የልደታን ዘመን የሚያስታውሱት አሁን በጣም ሸምግለዋል፤ የእነሱን ቃል ለመያዝ የቀረው ጊዜ ከሰነዱ ጊዜ ያነሰ ነው። ሥራው በእነሱ ይጀመር።