ከባንድ የወጣ ሙዚቀኛን የመጀመሪያ አልበም ለመስማት

ከባንድ የወጣ ሙዚቀኛ በራሱ ስም የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ፣ አድማጩ ቶሎ ብሎ ከድሮው ሥራ ጋር ያነጻጽረዋል። እኔ ግን አስቀድሜ የማዳምጠው የባንድ ጓደኞቹ የነበሩበትን ባዶ ቦታ ነው። ቤዙ የነበረበት ቦታ ምን ሆነ? ነፋሾቹ ይመልሱለት የነበረውን አሁን ማን ይመልስለታል? ደካማ ሥራ ያንን ክፍተት በድምፅ ብዛት ያጨናንቀዋል። ጥሩ ሥራ ከፊሉን ባዶ መተው ይችላል።

ለዚህ ከኃይሉ መርጊያ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ዋልያስ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ሲጫወት የኖረ፣ የሞገስ ሀብቴን ሳክስፎንና የግርማ በየነን የቅንብር ችሎታ የያዘ ባንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ተጉዘው ሲጫወቱ ቆይተው፣ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ፤ ኃይሉም አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን ባወጣው አልበም ያን ሁሉ ሰው የተካው በአኮርዲዮን፣ በኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ በሲንተሳይዘርና በድራም ማሽን ነው።

ከዚህ አልበም «ሸሞንሟናዬ»ን ክፈቱና ከበሮውን ብቻ ተከተሉ። ማሽን ነው፤ አይፈጥንም፣ አይዘገይም። ከዚያ ጆሯችሁን ወደ አኮርዲዮኑ መልሱ። ዜማው ከምቱ ትንሽ ወደኋላ እያለ ይመጣል፣ ድምፁን ያንቀጠቅጣል፣ ሐረጉ ሲያልቅ ትንፋሽ ይወስዳል። የአልበሙ ሕይወት ያለው እዚህ መዘግየት ላይ ነው። ማሽኑን ሰው ለማስመሰል አልሞከረም፤ ማሽንነቱን ተቀብሎ ሰውነቱን በአኮርዲዮኑ ላይ አኖረው። ሲንተሳይዘሩም ዜማውን አይሻማም፣ ከሥሩ ይሄዳል። ኃይሉ ለረጅም ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖሮ፣ አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም ሰማው።

የመጀመሪያው መመዘኛዬ ያ ክፍተት ከሆነ፣ ሁለተኛው ሙዚቀኛው በሌሎች ጩኸት መካከል ሆኖ ራሱን መያዙ ነው። ጌታቸው መኩሪያ የሸላዩን ድምፅ ወደ ሳክስፎን ያመጣ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ «ዘ ኤክስ» ከተባለው የሆላንድ የፓንክ ባንድ ጋር «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም ሠራ። ጊታሮቹ ሻካራና ቁጡ ናቸው፤ ሽማግሌው ግን ለእነሱ ብሎ አንድ ማዞሪያ እንኳ አልቀየረም። ከብዙ ዓመት በፊት በስሙ ካስቀረጻቸው ሸክላዎች ጋር አቀያይራችሁ ስሙት፤ አጃቢው ሌላ ነው፣ ፉከራው ግን ያው ነው። ፓንክን የምትወዱ ወጣቶች ከጌታቸው ብትጀምሩ እመርጣለሁ።

ስለ ድምፅ ጥራት ብዙ አልጨነቅም። ብቻ በስልክ ስፒከር አትፍረዱ፤ ቤዙ እዚያ ውስጥ ይጠፋል። ከመቱ ወደ ኖፓ በሚሄድ መኪና ውስጥም የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ያለውን ሁሉ ይውጠዋል። ማታ በጆሮ ማዳመጫ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘፈን ሳትዘሉ ስሙ።

በኖፓም ሆነ በመቱ ኪቦርድ ይዛችሁ ብቻችሁን ለመቅረጽ የምታስቡ ልጆች፣ መጀመሪያ ምቱንና አንድ ዜማ ብቻ ቅረጹ። እነዚያ ሁለቱ ብቻቸውን ካልቆሙ፣ ሌላ ድምፅ አትጨምሩ፤ ዜማውን እንደገና ሥሩት።